የሱስ አማካሪን ማን ያስተምር?



በሰፈራችን መስጂድ የወጣቶች ጀመዓ ውስጥ የምናገለግል ነን። ከጁሙዓ በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡና «ምከሩልኝ» ይሉናል። እንመክራለን፣ ዱዓ እናደርጋለን፤ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ጭንቁ የሚመጣው ልጁ እሺ ብሎ ሲተው ነው።

ጫት ያቆመውን ሌሊት ዱካክ ሲያስጮኸው፣ ቀን ድብርት ሲጫነው፣ ቤተሰቡ «ጂን ነው» ይላል። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሕይወቱን እስከማጣትም ሊደርስ ይችላል። «ይሄኛው ቤቱ ሆኖ ይለፈው፣ ያኛው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግባ» ብሎ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። የሁለት ቀን ሥልጠና እንዲህ ያለ ሰው አያወጣም። ያገረሸበትን ሳያሸማቅቁ መቀበል ራሱ ከባለሙያ ሥር ሆኖ የሚለመድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ቢያንስ አማኑኤል ሆስፒታልን ያውቃል፤ ገጠር ያለው ግን ወዴት ይሂድ?

«ይሄ የኢማን ጉዳይ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባው» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ስኳር ያለበትን አባታቸውን ግን ሐኪም ቤት ይወስዳሉ።

ይህን ሙያ ወጣቱ በራሱ ገንዘብ ይማረው ማለት አያስኬድም። ተመርቆ የሚረዳቸው ሰዎች ኪሳቸው ባዶ ነው፤ ከማን ይከፈለዋል? ስለዚህ ወጪው የመንግሥት መሆን አለበት እንላለን። መንግሥት ከቢራውም ከጫቱም ግብር ይሰበስባል። በ2011 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ደስ ብሎናል፤ ቀድሞ የተያዘውን ሰው ግን የማስታወቂያ መቅረት አያድነውም።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ወጪ መጋራት ከ1996 ጀምሮ ሲሠራበት፣ በመምህርነት የሚሰማራ ዕዳውን በአገልግሎት እንዲከፍል ተፈቅዷል። የሱስ አማካሪውም እንዲሁ ይማርና በተመደበበት ጤና ጣቢያ ያገልግል። ሳይኮሎጂ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ልጆች በየሰፈሩ አሉ፤ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም፣ በሆስፒታል ልምምድ የታገዘ ተጨማሪ ትምህርት ይበቃቸዋል። ደመወዝ ያለው መደብ ካልተከፈተላቸው ግን ተምረውም ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ።

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ይህንኑ ጽፈን ልናስገባ ነው። እናንተም በአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ለሱስ ምክር የተመደበ ሰው ካለ ጠይቃችሁ ከታች ጻፉልን፤ ከማመልከቻው ጋር እናያይዘዋለን፣ ኢንሻአላህ።