ያባትህን ስፖራን ከሻንጣው አውጣው

ለምወድህ ልጄ፣

ለአሜሪካ ጉዞህ ጓዝህን ሸክፈህ እንደጨረስክ እህትህ ነገረችኝ። ያባትህን ኪልት፣ ያንን የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ጉርድ፣ ቀበቶውንና ከፊት የሚንጠለጠለውን ፀጉራም ቦርሳ፣ ስፖራኑን፣ በሹራብ ጠቅልለህ ከትልቁ ሻንጣ ሥር እንደከተትክም ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ኪልቱም ቀበቶውም ይሂዱ፤ ያንተ ናቸው። ስፖራኑን ግን አውጣው። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ናፍቆት ነው።

ፊቱ ላይ ያለው ግራጫ ፀጉር ሲል የሚሉት የባሕር እንስሳ ቆዳ ነው። አባትህ ለሰርጋችን ብሎ ገዛው። ያን ጊዜ ስኮትላንድ ውስጥ ለሰርግና ለማታ ግብዣ የሚታጠቁት ስፖራን ይህን የመሰለ ነበር፤ አናቱ በብር የተለበጠ፣ ፊቱ የሲል ቆዳ፣ ከላዩ ዘርፍ የሚወዛወዝበት። አሜሪካ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ የባሕር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ አላት፤ በዚያ ሕግ የሲል ቆዳ ያለበትን ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለገበያ አላመጣሁትም፣ ያባቴ ማስታወሻ ነው ብትል አይሰሙህም። አሮጌ ነው እንዳትል፣ እኛ የተጋባነው ከሕጉ በኋላ ነው፤ የሚያድንህ ወረቀትም የለህም። ይወስዱታል፣ አይመልሱትም። አንተም ገና እግርህ መሬቱን ሳይረግጥ ስምህ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለሥራ የሚሄድ ሰው፣ ቪዛው ገና ያልደረቀ ሰው፣ በዚህ ይጀምራል እንዴ? ልጄ፣ እመብርሃን ከፊት ከኋላህ ትሁን።

«ማንም አያይም፣ መሐል ላይ ክተተው» ያለህ ጓደኛህ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁን አልጠላውም። ቤቴ ገብቶ እንጀራዬን በልቷል፣ ሲታመም አጥሚት ወስጄለታለሁ። ነገር ግን ምክሩ የሚያስከፍለው ሁልጊዜ ሌላውን ነው።

እህትህ እንዳለችኝ ይኸው ጓደኛህ ታሪክም ይጠቅስልሃል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1746 ሕግ አውጥቶ የደጋው ሕዝብ ኪልት እንዳይለብስ ከልክሎ ነበር፣ አባቶቻችን ግን አልተበገሩም እያለ ልብህን ያሞቀዋል። ታሪኩ እውነት ነው። አባትህም ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ስድስት ወር እስር፣ ሁለተኛ የተያዘ ባሕር ማዶ ተግዞ ሰባት ዓመት። እስከ 1782 ድረስ ጸንቶ የቆየ ሕግ ነው። ያ ሕግ የወጣው ሰውን ከነማንነቱ ለማጥፋት ነው፤ የተቃወሙት እግዚአብሔር ይባርካቸው። ይኸኛው የአሜሪካው ሕግ ግን አንተን ኪልትህን አውልቅ አላለህም። ቆዳው የተገፈፈው እንስሳ እንዳያልቅ ብሎ ነው የወጣው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራልህ ሰው ወይ አላወቀም፣ ወይ አላሰበልህም። አውሮፓም ብትሆን በ2009 የሲል ቆዳ ገበያ እንዳይወጣ ደንብ አውጥታለች። ዛሬ ስፖራን ሠሪዎቹ የላም፣ የጥንቸል፣ የፈረስ ቆዳ ነው የሚጠቀሙት፤ እሱም ያምራል።

በቀበቶው ግን አልጣላህም። እንደምታውቀው አባትህ ሰደርያ ከለበሰ ቀበቶ አይታጠቅም ነበር። የኪልት ቀበቶ ሰፊ ነው፣ ዘለበቱም ትልቅ ነው፤ ከሰደርያ ሥር ሲገባ ጉብ ብሎ ይታያል፣ የሰደርያውን ጫፍ ገፍቶ ያነሳዋል። ኪልቱን የሚይዙት ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት ማሰሪያዎች ናቸው፤ ቀበቶው ቢቀር የሚወድቅ ነገር የለም ይል ነበር። አጎትህ በበኩሉ ያለ ቀበቶ ከቤት መውጣት ነውር ይመስለዋል። ገና በመጣ ቁጥር ሁለቱ ወንድማማቾች ምድጃው አጠገብ ቆመው ስለዚህ ሲሟገቱ ሾርባው ይቀዘቅዝ ነበር። አንዱ ሆዱን እየነካ፣ ሌላው ዘለበቱን እያሳየ። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ አያቸዋለሁ። ዛሬ ያንን ሙግት ለመስማት ምን በሰጠሁ።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ሰደርያ ከሌለ ቀበቶ ይኑር። ሸሚዙና ኪልቱ የሚገናኙበት ቦታ ባዶውን ሲታይ ያልተጨረሰ ሥራ ይመስለኛል። ሰደርያ ካለ ግን ካባትህ ጋር ነኝ። አንተ በሁለቱም ትታጠቃለህ፤ ወገብህ ቀጭን ነው፣ ያምርብሃል፣ ታጠቅ። ይህን ለማስጣል አልጽፍልህም። ሰው ቢተችህም ዝም በል፤ ለባሹ አንተ ነህ።

ስፖራኑን ዝቅ አድርገህ መታጠቅህ ግን ያሳስበኛል። ከዘለበቱ ሥር አራት ጣት ያህል ወርዶ ቢቀመጥ ይበቃል። ከዚያ ከወረደ በእርምጃህ ሁሉ ጭንህን ይመታሃል፣ ፊት ለፊት ያለውን ጨርቅም ያነጨዋል። ስትጨፍር ወደ ጎን አዙረው። ሰንሰለቱን ደግሞ ተወው። አባትህ ሲራመድ ሲንሿሿ ስለሚወድደው ልቡን ላለመስበር ብዬ ዝም አልኩት እንጂ፣ ሰንሰለት የኪልት ጠላት ነው። ኪልቱን ገልብጠህ ጀርባውን እየው፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሽንሽኖቹ ላይ አግድም የሄደ የሳሳ መስመር ታገኛለህ። በሦስቱ ሽንሽን ላይ አረንጓዴው ክር ከሌላው ትንሽ ይደምቃል። የተበላውን በእጄ የደረትኩበት ነው። አዲሱ ክር ከድሮው ጋር አልገጥም ብሎኝ በሻይ ውሃ ነክሬ አደብዝዤው ነበር፤ ያም ሆኖ ጠጋ ብሎ ላየው ይታወቃል።

ኪልት ወደሚሰፋበት ስፌት ቤት ስገባ ከዚህ አገር ቋንቋ የማውቀው ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነበር። ስምንት ያርድ ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ፤ ሰባት ሜትር ያልፋል። ያንን ሁሉ ጨርቅ አጥፈህ አጥፈህ፣ ስትጨርስ ታርታን የሚሉት የጨርቁ መስመር ከሽንሽን ወደ ሽንሽን ሳይሰበር እንዲቀጥል ታደርጋለህ። ዳሌው ላይ ሰፊ፣ ወገቡ ላይ ጠባብ፤ ሁሉም በእጅ። አለቃችን አሮጊት ነበሩ። ሥራዬን በጣታቸው ዳብሰው፣ ካልጣማቸው ምንም ሳይናገሩ ክሩን ይመዙታል። ካገሬ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሆኔ የተሰማኝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባትህም በዚያው በር ነው የገባው። የቀረውን ታውቀዋለህ። እግዚአብሔር አንተንም ደግ ሰው በደግ በር ያስገባልህ።

እናቴ ገበያ ስትወጣ ብሯን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ መልሳ ትታጠቀው ነበር። ለእኔ ስፖራን የወንድ መቀነት ነው። ኪልት ኪስ የለውም፤ ገንዘብህም ቁልፍህም የሚያድረው እዚያ ነው። አባትህ ያንተን የመጀመሪያ ጥርስ ይዞት የዞረው በየትኛው ስፖራን እንደሆነ ታስታውሳለህ? በፀጉራሙ አይደለም፤ በቡናማው ቆዳ ነው።

ኤዲንብራ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ታቦታችንን የመለሰ ጊዜም የታጠቀው ያንኑ ነበር። አንተ ገና ልጅ ነበርክ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው ታቦት በ2001 ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ፣ በ2002 መጀመሪያ ላይ ወዳገሩ ተሸኘ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ስዘጋጅ አባትህ ፀጉራሙን አንሥቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው። «የታረደ እንስሳ ፀጉር አንጠልጥዬ እዚያ አልቆምም» አለ። ቀበቶም አልታጠቀም፣ ኪልት ሲለብስ ካልሲው ውስጥ የሚሻጣትን ትንሽ ቢላዋም አወጣ። ያስተማረው ሰው የለም፤ ልቡ ነው የነገረው። ካህናቱ ሲያዜሙ የኪልቱን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሞ ነበር። ነፍሱን በአብርሃም አጸድ ያኑርልኝ።

ላርበርት የጄምስ ብሩስን ሐውልት ባየን ቁጥር አባትህ ግሽ ዓባይ እንሄዳለን ይለኝ ነበር። በ1770 አንድ ስኮትላንዳዊ በእግርና በበቅሎ ከደረሰበት እኔ በአውሮፕላን እንዴት ያቅተኛል ይላል። ቡናማውን ስፖራን ታጥቆ፣ ከምንጩ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ለእናቱ ሊያመጣላት። አንድ ዓመት ገንዘብ አጠረን፣ አንድ ዓመት መንገዱ ሰላም አልነበረም፣ ከዚያ ሕመሙ መጣ። ይህ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። ሌሊት ስነቃ የማስበው ሕመሙን አይደለም፣ ያንን ያልተሞላ ጠርሙስ ነው። አንተ ዕድሜ ይስጥህና አንድ ቀን ትሄድልኛለህ። አሁን ግን ምሥራቁን ትተህ ምዕራብ ነህ። ይሁን፤ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ።

ስለ ገንዘብም፣ ስለ ቤት ኪራይም፣ ስለ መኪናውም ብዙ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። አክስትህ ሲልቨር ስፕሪንግ አለችልህ፤ እሷ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች፣ ስማት። ትንሿን ቢላዋ በእጅ ሻንጣ እንዳትይዝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ይወስዱብሃል። ኪልቱን ስታስቀምጥ ሽንሽኖቹን በረጅም ክር ያዝ ያዝ አድርጋቸው፣ ከብል አደራህን ጠብቀው። የዚያ አገር በጋ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ነው ይላሉ፤ ላብ የነካውን ሱፍ ሳታናፍስ አትጠፈው። መርፌ ቁልፉን ከላይኛው ጨርቅ ብቻ አሳልፈህ ውጋው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከወጋሃቸው ስትቀመጥ ይቀደዳል። ይህን ላንተ መንገር አልነበረብኝም፣ እጄ ነው የጻፈው።

አሜሪካኖች ኤፕሪል 6 የታርታን ቀን እንደሚያከብሩ፣ ኒውዮርክም ሰልፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚያ ሰልፍ መሄድ እንደምትፈልግም አውቃለሁ። አባትህ ሳይሄድበት የቀረ ሌላው ነገር ነው። ሂድ። ደረትህን ነፍተህ፣ ቀበቶህን ታጥቀህ፣ እንደ ምርጫህ ለብሰህ ሂድ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቡናማውን ቆዳ ልኬልሃለሁ። በቅባት አሽቼዋለሁ፤ ክዳኑ ላይ ያለው ጭረት ግን የእሱ ጥፍር ስለሆነ አልነካሁትም። ከቀበቶው ላይ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያም ከውስጡ አለ፤ ሰንሰለት አያስፈልግህም። ፀጉራሙን እህትህ ቅዳሜ መጥታ ትወስደዋለች፣ እዚሁ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ይቆይልሃል። ስታገባ እዚህ መጥተህ ትታጠቀዋለህ፤ እንደ አባትህ ያለ ቀበቶ ይሁን እንደ አጎትህ በቀበቶ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል አልናገርም።

ፀጉራሙን ለእህትህ ስትሰጣት ደውልልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

የአባቶችህ አምላክ ይከተልህ፣ ክፉ አይንካህ፣ በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ። አክስትህን ሳምልኝ፤ በርበሬውን ከኪልቱ ጋር በአንድ ሻንጣ እንዳትከተው።

እናትህ