ከዕውቀትና ከገንዘብ

ለማስተማር ልምምድ 7ኛ ክፍል ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ተራኪ፣ ገላጭና ስዕላዊ ድርሰት ብዙ አላስቸገሩኝም፤ የገናን ዋዜማ መተረክ ማን ያቅተዋል! ጉዱ የመጣው አመዛዛኙ ላይ ነው። «ከዕውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» አልኳቸው። (እኛም በልጅነታችን የጻፍንባት ያቺው አሮጌ ርዕስ።) ሁሉም ዕውቀትን አወደሱ፤ ከ10 8፣ 8 ሰጠኋቸው። ከትምህርት በኋላ ሊስትሮ የሚሠራ አንድ ልጅ ብቻ ለገንዘብ ተከራከረ፤ የደብተሩን፣ የቤት ኪራዩን፣ የእናቱን መድኃኒት ዋጋ ደምሮ። «ሌላውን ወገን አላመዛዘንክም» ብዬ 5 ሰጠሁት።

ደብተሩን ይዞ መጣና፣ «ቲቸር፣ እነሱስ አመዛዘኑ እንዴ?» አለኝ።

የሁሉንም ደብተር መልሼ ሰበሰብኩ። ይኸው አልጋዬ ላይ ተከምሯል፤ የእነሱን ልቀንስ ወይስ የእሱን ልጨምር፣ ገና አልቆረጥኩም።