ዝም ያለ ስልክ

ለወልድያና ለመርሳ ልጅ ስልክ ዝም ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። በነሐሴ 2013 ወልድያ በጦርነቱ ስትያዝ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ይህን ያየ ሰው መልስ ሲያጣ መጀመሪያ የሚያስበው ክፉውን ነው።

መርሳ ያሉት አክስቴ ከቤተሰቡ ግሩፕ ሁለት ሳምንት ሲጠፉ የደነገጥነውም ለዚህ ነው። ደውለን ስናገኛቸው ግን የተቆጡት እሳቸው ሆኑ፦ «ረሳችሁኝ እኮ!»

ለበዓል ስሄድ ስልካቸውን አየሁት። መልእክቱ ሁሉ ደርሷል፤ የግሩፑ ድምፅ ግን ተዘግቷል። ማን እንደነካው አይታወቅም፤ ልጆች ሲጫወቱበት ይሆናል። ምልክቱ ጥፍር የማታህል፣ ግራጫ፣ የተሰረዘች ደወል ናት። ለመክፈት አንዱ መንገድ የግሩፑን ስም ተጭኖ መቆየት፣ ከዚያ ከሚመጡት ምርጫዎች መምረጥ ነው። ተጭነህ መቆየት እንዳለብህ ማን ይነግርሃል?

ድምፅ መዝጋት በራሱ ጥፋት አይደለም። ሁላችንም እንዘጋለን፤ ካልዘጋን ሥራም እንቅልፍም የለም። ዋትስአፕ በጥቅምት 2013 «ለአንድ ዓመት» የሚለውን ምርጫ አንስቶ «ሁልጊዜ» የሚል ተክቶበታል። አውቆ ለመረጠ ሰው እረፍት ነው፤ ሳያውቅ ለተዘጋበት ግን ማብቂያ የለውም።

በሀብሩ ገጠር ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ በየደጁ ይዞራል። በሩ ተዘግቶ ያገኘው ቤት ካለ ያልሰማ እንዳለ ያውቃል። ስልክ ግን «መልእክት የለም» እና «መልእክት አለ፣ ግን ዝም በል ተብያለሁ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች በአንድ ዓይነት ዝምታ ነው የሚነግርህ።

ልዩነቱን ማሳየት ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። ከመልእክቶቹ ግርጌ በአማርኛ «ድምፁ ተዘግቷል፤ ክፈት» የሚል ትልቅ ቁልፍ ይኑር። ለቁልፉም ስም ይሰጠው፤ ስም ከሌለው ለዓይነ ስውራን እንደ ቶክባክ ያለው አንባቢ ፕሮግራም ምን እንደሆነ ሊናገር አይችልም። ሲዘጋ ደግሞ «እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቅ። በቃ።

ለአክስቴ እኔ ከፍቼ አልሰጠኋቸውም፤ ቦታውን አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ ዘጉት፣ ሦስት ጊዜ ከፈቱት። ከዚያ ቀና ብለው፦

«ይሄ ነገር ጧት ጧት የአበባ ሥዕል ለሚልኩት ግሩፕም ይሠራል?»

«ይሠራል።»

ወዲያው ዘጉት፣ በገዛ እጃቸው።