ላሚቱ በርካሽ፣ ሳሩ በወርቅ!

ወገኖቼ! ላሚቱን በርካሽ ሸጦላችሁ ሳሩን ግን ዕድሜ ልካችሁን በወርቅ የሚያስገዛችሁ ነጋዴ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? የፕሪንተር ነገር እንዲያ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የሚያተርፉት ከማሽኑ ሳይሆን ከቀለሙ ነው። ከአዲሱ ማሽን ጋር የሚመጣው ቶነር እንኳ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። አንዲት ወዳጄ እቁብ ደርሷት እዚሁ ሂርና ኮፒ ቤት ልትከፍት ነው። «ቶነሩ ሲያልቅ ጭሮ ትሄጃለሽ ወይስ ድሬ ትወርጃለሽ? ስንትስ ነው?» ብላት ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

ቶነር በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አልፏል።

ደግሞ ያቺ «ኦሪጅናል ካልሆነ አልሠራም» እያለች የምታኮርፈው ቺፕ አለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ቺፕ ከዓለም ገበያ ሲጠፋ ካኖን ራሱ ያለ ቺፕ ቶነር ሸጧል፤ ማስጠንቀቂያው እንዴት እንደሚታለፍም ለደንበኞቹ አሳይቷል። ለካ ያለሷም ይሠራል!

እንግዲህ ምክሬ ይኸው፦ የቶነሩን ዋጋ በሚያወጣው ገጽ ብዛት አካፍሉት። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ቀለሙ የገጹን 5 በመቶ ያህል ብቻ ሲሸፍን ነው። ጥቁር በጥቁር የሆነ የመታወቂያ ኮፒ እጥፍ ድርብ ይበላል። ከዚያ ወረቀቱን፣ መብራቱንና ኪራዩን ደምሩበት። አንድ ገጽ ከምታስከፍሉት በላይ ከወጣ፣ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት። ቀለቡን ሳይጠይቁ ላም አይገዛም!