«የዚህ ቤት አለቃ ማነው?»

በቀደም ማታ ዜና እያየን ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲወራ፣ እናቴ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ «አሁንስ አለቃው ማነው?» አለች። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጥያቄውን አውቀዋለሁ።

በ1982 ዓ.ም. ማትሪክ አልፌ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስገባ እናቴ ከደብረ ብርሃን ተከትላኝ መጥታ ነበር። በአንድ እጇ በሶ የሞላ ከረጢት፣ በሌላው ብርድ ልብሴን ይዛ ዘበኛውን «የዚህ ቤት አለቃ ማነው?» ስትለው ሰውዬው ግራ ገባው። «ልጄን በነፃ የሚያበላልኝንና የሚያስተኛልኝን ሰው በስሙ ልመርቀው ነው» አለችው። እኔ አፍሬ አቀርቅሬ ነበር። ዘበኛው ግን ቆቡን አውልቆ ስሙን ነገራት። እሷም እዚያው በሩ ላይ ቆማ መረቀችው፤ ዘበኛውንም ጨምራ።

ለእሷ ዩኒቨርሲቲ ማለት ልጇን የተቀበለላት ቤት ነው። ቤቱ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ትምህርት እንደጀመረ፣ ንጉሡ በኋላ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን እንደሰጡት ስነግራት «እንግዲያው ያኔም እንግዳ ይቀበል ነበር» ነው ያለችኝ። ዛሬ ተማሪው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ጥቁር አንበሳ እያለ እስከ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ድረስ ተዘርግቷል። በፕሮፌሰር እንድርያስ እሸቴ ዘመን የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቱ በዛ። ከእሳቸው በኋላ ፕሮፌሰር አድማሱ ጸጋዬ፣ ቀጥሎም ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና መሩት። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ወላጆች የተሿሚ ስም ሲነበብ ቡና ለመቅዳት የምንነሳ ሰዎች ነን።

የአሁኑ ግን ቤታችን ድረስ ገባ። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች ዐዋጅ በ2015 ዓ.ም. ፀድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ዶክተር ሳሙኤል ክፍሌም ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ተደርገው ተሾሙ። ራስ ገዝ ማለት ገንዘቡን ራሱ ያስተዳድራል፣ ሠራተኛውን ራሱ ይቀጥራል፣ ተማሪውንም ራሱ ይመርጣል ማለት ነው። እንደ ድሮው ምደባ መጠበቅ ቀረ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ልጅ የዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ ፈተና ደግሞ ይቀመጣል። ክፍያም አለ።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ሕግ መማር ትፈልጋለች፤ ያውም ስድስት ኪሎ። ፈተናው ራሱ እንቅልፍ ይነሳል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን በጀመረበት ዓመት ያለፈው ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበር የማያስታውስ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። የእኔ ጭንቀት ግን ብታልፍስ የሚለው ነው። ደመወዜ ከቤት ኪራይ ተርፎ የትም አይደርስም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን በመጀመሪያ ምርጫ እንድትሞላ ነገርኳት፤ አክስቷም እዚያው ናት፣ ከተማውም የአባቷ አገር ነው።

ዝም ብላ ሰማችኝና «አባዬ፣ አንተ አዲስ አበባ የተማርከው ጎበዝ ስለሆንክ ነው ወይስ ነፃ ስለነበር?» አለችኝ።

መልስ አላገኘሁም። አሁንም አላገኘሁም። ጎበዝ ነበርኩ ማለት እችላለሁ፤ ነገር ግን በሶና ብርድ ልብስ ብቻ ይዤ ያስገባኝ የእኔ ጉብዝና ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ። አንድም ቀን አይቶኝ የማያውቅ ገበሬ ግብር ነው ካፌ ተሰልፌ የበላሁት።

«ውጤቴ ከፍ ካለ መንግሥት ሊሸፍንልኝ ይችላል» አለች ልጄ። «ካልሆነስ?» አልኳት። ያን ጊዜ እናቴ ገባችበት። «ያኔ የከፈልኩት ምርቃት ነበር። አሁን ብር ከሆነ ብር እንከፍላለን። ባሕር ዛፉ ይሸጣል።»

ባሕር ዛፉ የደብረ ብርሃኑን ቤቷን ጣራ ልናድስበት ያቆየነው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር መኝታዋ ላይ ስለሚያፈስ ነው እኛ ጋ የምትከርመው፤ ልቧ ግን ሁልጊዜ እዚያው ነው። «እማዬ፣ ቤትሽስ?» ብላት «እኔ ስንት ክረምት ቀርቶኝ?» አለች። ተቆጣኋት። በሰማንያ ዓመቷ እናቴን የተቆጣሁት ያን ቀን ነው፤ ማታውን እግሯን አጥቤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

በማግስቱ ልጄን ለመግቢያ ፈተናው እንድትዘጋጅ ነገርኳት። ደብረ ብርሃንንም በምርጫዋ ውስጥ እንድታኖር ተስማማን። እናቴ ደግሞ የፕሬዚዳንቱን ስም በወረቀት እንድትጽፍላት አዘዘቻት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ተቀብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። የምዝገባው ቀን ሲደርስ ስድስት ኪሎ በር ድረስ አብሬ እሄዳለሁ ብላለች።

የባሕር ዛፉን ነገር ገና አልተስማማንም።