መድረስና መግባት

ስለ ፅንስ አጀማመር የምንሰማው ታሪክ የሩጫ ታሪክ ነው፤ ሚሊዮኖች ይነሣሉ፣ ፈጣኑ ይቀድማል፣ ዕንቁላሏ ተኝታ አሸናፊውን ትጠብቃለች። የሯጭ አገር ሰዎች ነንና ታሪኩ ሳይጥመን አይቀርም። ማስረጃው ግን መድረስ ሌላ፣ መግባት ሌላ መሆኑን ይነግረናል። ቻንግ እና ኦስቲን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ገና በ1951 እ.ኤ.አ.፣ ሳይመካከሩ፣ የወንዴ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ ካልተለወጠ ዕንቁላል ማዳበር እንደማይችል አሳዩ። ቸኩሎ የደረሰ ደጅ ከመጥናት አይድንም።

ይበልጥ የሚያሳምነው በአይጦች ላይ የታየው ነገር ነው። በ2005 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዘሩ ራስ ላይ ኢዙሞ የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ይህ ፕሮቲን የሌለው የአይጥ ዘር ይዋኛል፣ የዕንቁላሏን ወፍራም የውጭ ሽፋን ሰንጥቆም ያልፋል፤ ከስሱ ሽፋን ሲደርስ ግን መዋሐድ ያቅተዋል። በ2014 ደግሞ በእንግሊዝ የሳንገር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች አቻውን ከዕንቁላሏ ላይ አግኝተው ጁኖ አሉት። ጁኖ የሌላት አይጥ የቱንም ያህል ጤነኛ ወንድ ብታገኝ አትፀንስም። ሲዲ9 የተባለው ሌላው የዕንቁላሏ ፕሮቲን ሲጎድልም መዋሐዱ ይሰናከላል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፤ አንዱ ከገባ በኋላ ዕንቁላሏ ጁኖን በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከላይዋ ታራግፋለች። ዘግይቶ ለመጣው የሚጣበቅበት አይተርፈውም። እንግዲህ ለመግባት የሚያበቃው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የዘሩና የዕንቁላሏ መተዋወቅ ነው ማለት ነው።

«መተዋወቅ ማለትስ ራሱ ሰውኛ ተረት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ኢዙሞን በጃፓን የጋብቻ መቅደስ፣ ጁኖን በሮማውያን የጋብቻ አምላክ ስም መሰየማቸው ነገሩን አባብሶታል። ሁለት ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ስለገጠመ ተያያዙ እንጂ ማንም ማንንም አልመረጠም። መያያዙም ብቻውን መዋሐድ አይደለም፤ ኢዙሞ እንዲያበቅሉ የተደረጉ ሌሎች ሕዋሳት ከዕንቁላል ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ እንጂ አይዋሐዱም። ይሁንና ተረት ሁሉ እኩል አያሳስትም። የሩጫው ተረት እውነት ቢሆን ኖሮ ከዕንቁላሏ አንድ ፕሮቲን መጉደሉ ለአሸናፊው ምንም ባልሆነ ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከሕክምናው ነው። በ1992 ብራስልስ ላይ ሐኪሞች አንድ የወንዴ ዘር በመርፌ ወደ ዕንቁላል አስገብተው ፅንስ መገኘቱን ይፋ አደረጉ፤ ኢዙሞም ጁኖም ሥራ አልነበራቸውም። ታዲያ መተዋወቁ ለምን አስፈለገ? በተፈጥሮው መንገድ ዘሩ ያለ እሱ ስለማይገባ ነዋ። መርፌው ደግሞ የዘለለው መተዋወቁን ብቻ አይደለም፤ ሩጫውንም ጭምር ነው። ጭራው የማይንቀሳቀስ ዘር ሳይቀር በዚህ መንገድ ልጅ ሆኗል።