እለፉኝ

ታላቁ ሩጫ ላይ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ብቻ ያየ ሰው ውድድሩ እዚያው የሚያበቃ ይመስለዋል። ከመስቀል አደባባይ የተለቀቀው ባለካናቴራ ሁሉ እየጨፈረና እየተጋፋ ይከንፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባት ይህን ካናቴራ ለብሰው አያውቁም።

በእኩል ፍጥነት ልሩጥ ያለ ሰው ከእግሩ በፊት ኩራቱ ይፈተናል። ጉልበትህ ሳይነካ፣ ትንፋሽህ ሳይቆራረጥ፣ ጂንስ ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ ያልፍሃል። ሁለት ጓደኛሞች የሰፈር ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ያልፉሃል። ዝም ብለህ ታሳልፋለህ። መንገድ ዳር የተደረደረው ሙዚቃ ደግሞ የራሱ ምት አለው፤ እግርህ ሳያማክርህ ይከተለዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ሜዳው ላይ የተበደርከውን ትንፋሽ ዳገቱ ከነወለዱ ይቀበልሃል። ጎረምሳውን የምታገኘው እዚያ ነው፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። ስታልፈው «አይዞህ» ማለት ደንብ ነው። እኔ እላለሁ፤ ትንሽ ደስ እያለኝም ቢሆን።

ሩጫውን ያቋቋመው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይህን ሒሳብ በሰከንድ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ነበር የሮጠው። ይህን አንድ ጊዜ ማድረግ የሚችል ጎረምሳ አይጠፋም። ኃይሌ ግን ከ42 ጊዜ በላይ ደጋገመው።

እኔን ይበልጥ የምትገርመኝ ትዕግሥት አሰፋ ናት። በሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር፤ ሁለት ዙር ተከንፎ የሚያልቅ ርቀት። እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ግን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች። የመጀመሪያውን አጋማሽ የሮጠችው በ1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። ሁለተኛውን ከዚያ በ47 ሰከንድ ፈጥና ሮጣዋለች፤ ሌላው ሰው እግሩ እንደ ድንጋይ በሚከብድበት ሰዓት መሆኑ ነው።

እኛ በቴሌቪዥን ስናይ ግን ሌላ ነገር ነው የምንጠብቀው። ጋዜጠኛው «አፈተለከች!» ሲል ከመቀመጫችን ብድግ እንላለን፣ ሪባኑ ሲበጠስ እልል ይባላል። በመሐል ሯጯ ፍጥነቷን ጠብቃ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ላይ ስትደራርብ፣ አንዱ «እስካሁን ምንም የለም» ይላል፤ ቡናውም የሚቀዳው ያኔ ነው።